የበሩ ሙፍሊህ

ርክክቡ ሦስት ቀን ፈጀ። ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ንብረት ክፍል የተላከው ዘኪ ዝርዝሩን ያነባል፣ ርዕሰ መምህሩ ኡስታዝ ጃዱላህ «አለ» ይላሉ፣ እኔ ሄጄ በእጄ ነክቼ «አለ» እላለሁ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ዴስክ። ዘጠኝ ጥቁር ሰሌዳ፣ አንዱ የተሰነጠቀ። ስድስት ካርታ፣ ሁለቱ ዛሬ የሌሉ አገሮች የተሣሉባቸው። አንድ የነሐስ ደወል። አንድ ቆዳው በጭድ የተሞላ ጭልፊት፣ ግራ ዓይኑ የወለቀ።

«ዓይኑ የት ሄደ?» አለ ዘኪ።

«ከእኔ በፊት ነው የወለቀው። እኔ በተረከብኩበት ወረቀት ላይ አንድ ዓይና ይላል። ፈልገህ እየው» አሉ ኡስታዝ።

ዘኪ ፈልጎ አየው። ይላል።

በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ዝርዝሩ አለቀ። ከአርባ አንድ ዓመት አገልግሎት በኋላ ከኡስታዝ የሚጠበቀው አንድ ፊርማ ነበር፣ ከእኔም አንድ። ሁለቱ ፊርማዎች ሲያርፉ ክሊራንሳቸው ይወጣል፣ ጡረታቸው ይጀምራል፤ እኔም ከመስከረም ጀምሮ የኡም ሩማን የወንዶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር እሆናለሁ። ዘኪ ወረቀቱን ወደ እሳቸው ገፋ አደረገው። ኡስታዝ ብዕሩን አነሡ፣ ክዳኑን ከፈቱ፣ ወረቀቱን አዩት፣ ክዳኑን መልሰው ገጠሙ።

«አንድ ያልቆጠርነው ነገር አለ» አሉ።

«ኡስታዝ፣ ጭልፊቱን እንኳ ቆጥረናል።»

«ይሄ ዝርዝሩ ላይ የለም። እስከ ማክሰኞ ስጠኝ።»

«ከካረክ ከተማ እዚህ መንደር ለአራተኛ ቀን ልመላለስ ነው ማለት ነው» አለ ዘኪ ወረቀቱን እየሰበሰበ። «ሚስቴ፣ ኡም ሩማን ውስጥ ሌላ ሚስት አግብቷል ማለት ጀምራለች።»

«አንድ ዓይና ናት በላት። ቅናቷ ይቀንሳል።»

ዘኪ እየሳቀ ወጣ። ኡስታዝ ግን አልሳቁም። ተነሥተው በሩን ዘጉና ከጀርባቸው ያለውን የብረት ቁም ሣጥን ከፈቱ።

በቁም ሣጥኑ ውስጥ አርባ አንድ አረንጓዴ ደብተሮች ተደርድረዋል፤ ለየዓመቱ አንድ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ማስተማር ሲጀምሩ ትምህርት ቤቱ ሁለት ክፍልና አንድ የውሃ በርሜል ነበር። ርዕሰ መምህር ከሆኑ በኋላም በየዓመቱ አንድ የሒሳብ ክፍል ለራሳቸው ያስቀሩ ነበር። ጠዋት በሰልፉ ፊት ንግግር የሚያደርጉት፣ የተሰበረ ቧንቧ የሚያሠሩት፣ ልጁን ከትምህርት ያስቀረ አባት ቤት ሄደው እሺ እልከዋለሁ እስኪላቸው ሻይ ሳይጠጡ የሚቀመጡት፣ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ደግሞ እጃቸው በጠመኔ ነጭ ሆኖ የሚታዩት እሳቸው ናቸው። የመምህራን ስብሰባ ላይ ጠመኔ የማይነካ ርዕሰ መምህር የሆቴል ሥራ አስኪያጅ ነው ይሉ ነበር። እኔ ጠመኔ እወዳለሁ። የተቀረውን እችለው እንደሆነ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ራሴን ስጠይቅ ነበር።

ከደብተሮቹ አንዱን አውጥተው ፊቴ ዘረጉት። የዛሬ ሃያ ሰባት ዓመት፣ የእኔ የመጨረሻ ክፍል ደብተር ነው።

«የግማሽ ዓመቱን ፈተና አንብብ።»

አነበብኩ። «ሙፍሊህ፣ መስኮት፣ ዘጠና ስድስት። ሙፍሊህ፣ በር፣ ሰባ አንድ።»

ይህን ለመረዳት ስለ ስማችን ትንሽ መናገር አለብኝ። እኔ ሙፍሊህ ሳሊም ሙፍሊህ እባላለሁ። በኡም ሩማን ሌላ ሙፍሊህ ሳሊም ሙፍሊህ አለ፤ የአባቴ የአጎት ልጅ የወለደው ነው። የመንደራችን መሥራች ሙፍሊህ ይባል ነበር፣ ልጁ ሳሊም። ከዚያ ወዲህ በሁለታችንም ቤት የበኩር ልጅ ወይ ሙፍሊህ ነው ወይ ሳሊም። እኔና እሱ በአንድ ዓመት ተወልደን በአንድ ክፍል ተማርን። በሌላ አገር ቢሆን በእናቶቻችን ስም ይለዩን ነበር። እኛ ዘንድ ግን የእናት ስም የቤት ነው፤ ወንዶች በተሰበሰቡበት አይጠራም፣ በወረቀት ተጽፎ ግድግዳ ላይ አይለጠፍም። ሰባተኛ ክፍል ሳለን አንድ ልጅ የእናቴን ስም ከየት እንደሰማ እንጃ፣ በእረፍት ሰዓት ጮክ ብሎ ጠራው። እኔ ደንግጬ ቆሜ ስቀር የመታልኝ ያኛው ሙፍሊህ ነው። በግራው ስለመታው ልጁ ቡጢው ከየት እንደመጣ እንኳ አላየም።

ስለዚህ በተቀመጥንበት ቦታ ለዩን። እኔ የመስኮቱ ሙፍሊህ ሆንኩ፣ እሱ የበሩ ሙፍሊህ። ዛሬ እሱን ሰው ሁሉ ልማዱን ሰብሮ ራካን ብሎ በሰየመው የበኩር ልጁ ስም አቡ ራካን፣ የራካን አባት፣ ይለዋል፤ ከመንደራችን ካረክ የሚመላለስ ሚኒባስ ይነዳል። እኔ ልጅ ስለሌለኝ «ዶክተር» ይሉኛል፤ ግማሹ በአክብሮት፣ ግማሹ ለማሾፍ።

በዚያ ዓመት ጽሕፈት ቤቱ ከየትምህርት ቤቱ አንደኛ የወጣውን አንድ ልጅ ወደ ሮማንያ ለመላክ ስም ጠይቆ ነበር። በሌሎቹ ትምህርቶች እኔና ያኛው ሙፍሊህ በአንድና በሁለት ነጥብ ነበር የምንበላለጠው። የለየን የኡስታዝ የሒሳብ ፈተና ነው። እኔ ሄድኩ። ሃያ አምስት ዓመት ቆየሁ፤ ተማርኩ፣ አስተማርኩ፣ አግብቼ ፈታሁ፤ አባቴ ሲሞት ተመለስኩ። እዚያ የዚህ ሰው ነበርኩ፤ እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ደግሞ እንደ ሰው ሁሉ ወተት የሌለበት ሻይ ስጠጣ እንኳ ሰው የሮማንያ ልማድ ነው ይለኛል፤ እዚህ ማንም ሻይ በወተት ጠጥቶ አያውቅም።

ኡስታዝ ከደብተሩ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። የክፍላችን የአቀማመጥ ሠንጠረዥ ነው። «ስትረከብ ንጹሕ ሆኖ ታግኘው ብዬ ቁም ሣጥኑን ሳጸዳ ነው ያገኘሁት» አሉ። «ደብተሩና ይሄ ወረቀት ጎን ለጎን ሆነው አይቻቸው አላውቅም ነበር።»

አንድ ልማድ ነበራቸው። በክፍላችን የመስኮቱ ረድፍ ብርሃን አለው፣ ግን ክረምት ሲገባ ነፋሱ አጥንት ይሰብራል። የበሩ ረድፍ ጨለማ ነው፣ ግን የላምባ ምድጃው እዚያ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ በየወሩ መጀመሪያ ቅዳሜ፣ የትምህርት ሳምንቱ በሚጀምርበት ቀን፣ ሁለቱ ረድፎች ቦታ ይቀያየራሉ፤ እያንዳንዱ ልጅ ትይዩው ካለው ልጅ ጋር። ብርሃኑም ብርዱም ለሁሉም ይድረስ ይሉ ነበር። ሌላ መምህር ይህን አያደርግም።

«አንተና እሱ ትይዩ ነበራችሁ» አሉ። «ቅጽል ስማችሁ የወጣው በመስከረም ነው። ከዚያ በጥቅምት ተቀያየራችሁ። በኅዳር፣ በታኅሣሥ፣ በጥር፣ ፈተናው ባለበት በየካቲት። ስንት ሆነ?»

«አምስት።»

«አምስት ጎዶሎ ቁጥር ነው። በፈተናው ቀን አንተ በሩ ጋ ነበርክ ማለት ነው። እኔ ደግሞ ነጥብ ስመዘግብ ስም አልጠራም። ወረቀቱን በረድፍ እሰበስባለሁ፣ በተቀመጣችሁበት ቦታ እጽፋለሁ። መስኮት ብዬ ስጽፍ በዚያ ቀን መስኮቱ ጋ የነበረውን ነው። የሮማንያው ደብዳቤ ሲመጣ ግን የመስኮቱ ሙፍሊህ ብዬ ማንን ጠራሁ?»

«እኔን።»

«በቅጽል ስምህ። ከሦስት ወር በኋላ፣ ሳላስብ።»

ሠንጠረዡን ደጋግሜ አየሁት። በየወሩ መስኮቱ ጋ «ሙፍሊህ» ይላል፣ በሩ ጋ «ሙፍሊህ» ይላል። ሁለታችን ብንቀያየርም ባንቀያየርም ወረቀቱ ያው ነው።

«የፈተናው ወረቀትስ?»

«የግማሽ ዓመት ወረቀት ለተማሪ አይመለስም፤ ታስሮ ይቀመጥና በዓመቱ መጨረሻ ይቃጠላል። እኔ ራሴ ነኝ ያቃጠልኩት።» ደብተሩን ከደኑት። «ጽሕፈት ቤቱ የላከው ቅጽ ላይ የእናት ስም የሚል ሣጥን ነበር፣ ሙፍሊህ። እሱን ብሞላ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም። አፈርኩ። አንድን ልጅ ጠርቼ እናትህ ማን ትባላለች ማለት አቃተኝ። ሣጥኑን ባዶ ትቼ ጎኑ ላይ በእርሳስ መስኮት፣ በር ብዬ ላክሁት።»

«እኔ እኮ የማስታውሰው መስኮቱን ብቻ ነው» አልኳቸው። «ውጭ የነበረውን የለውዝ ዛፍ። ሲያብብ፣ ፍሬ ሲይዝ፣ ቅጠሉ ሲረግፍ።»

«ሁሉም ሰው የሚያስታውሰው ጥሩውን ቦታ ነው» አሉ ረጋ ብለው። ይህን እኔም ለራሴ ብዙ ጊዜ ብዬው ነበር።

ሻያቸው ቀዝቅዟል። «ሁለት ጊዜ ልነግረው መኪናው ድረስ ሄጃለሁ» አሉ። «ኡስታዝ ይግቡ ብሎ የፊት ወንበር ለቀቀልኝ። ምን ልበል? ካረክ ደርሼ፣ አንድ ኪሎ ዱባ ገዝቼ ተመለስኩ። ሁለት ጊዜ። ቤቴ ዱባ በዱባ ሆኗል።»

«እኔ ልንገረው?»

«ይዘኸው ና። ፊቱን እያየሁ ነው የምነግረው። የአንዱን ልጅ ዕድል ለሌላው ሰጥቼ ከሆነ፣ የተረከብኩትን ሁሉ አስረክቤያለሁ ብዬ አልፈርምም። ከፈለጉ ጡረታውን ይያዙት።»

ከዚያ ክፍል ስወጣ የተሰማኝን በትክክል ልጻፈው። መጀመሪያ ማፈር ነበር። ወዲያው ተከትሎ ሌላ ነገር መጣ፣ ደስታ የሚመስል። ሮማንያ የእኔ ካልነበረች፣ ይህ ወንበርም የእኔ አይደለም። ሻንጣዬን ይዤ መሄድ እችላለሁ፣ ማንም ለምን አይለኝም። እቤቴ እስክደርስ በሐሳቤ ሻንጣውን ግማሽ ድረስ ሞልቼው ነበር። ከዚያ የአቡ ራካንን እጆች አሰብኩ፤ ሃያ ዓመት መሪ የጨበጡ እጆች። እነዚያ እጆች የኔን ሕይወት መያዝ ነበረባቸው ማለት ነው። ሻንጣውን በሐሳቤ መልሼ አራገፍኩት።

ሰኞ ጠዋት መኪና ማቆሚያው ሄድኩ። አቡ ራካን መስተዋቱን ይወለውላል።

«ዶክተር ዛሬ እግሩ ደክሞታል» አለ ሲያየኝ። «ግባ፣ ፊት ተቀመጥ። ከኋላ እናት ፈዋዝ አሉ፣ ጉልበታቸውን እስከ ካረክ ድረስ ይተርኩልሃል።»

«ስለ አንተም መኪና እተርካለሁ» አሉ ሴትዮዋ ከኋላ። «ከእኔ ጉልበት በላይ የሚጮኸው እሱ ነው።»

ሚኒባሱ እስኪሞላ ጠበቅን። ከዚያ ተነሣን። ከመንደሩ ወጣ እንዳልን ሁሉንም ነገርኩት፤ ደብተሩን፣ ቦታ መቀያየሩን፣ አምስቱን ወር። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው፤ እናት ፈዋዝ ግን ጉልበታቸውን ረስተው ወደ ፊት እንደተጠጉ ታውቆኛል።

አቡ ራካን ግራ ክርኑን በመስኮቱ አውጥቶ መንገዱን እያየ ይነዳል። ሁለት ኩርባ አለፍን። የበግ መንጋ መንገድ ሲያቋርጥ ቆመን ጠበቅን፣ ጥሩምባ አልነፋም። ፊቱን ማየት ከበደኝና የመኪናውን ምንጣፍ ማየት ጀመርኩ።

ነዳጅ ማደያው ጋ ሲደርስ ወደ ውስጥ ገባ። የነዳጁ ሽታ በመስኮቱ ገባ። አቡ ራካን አፍንጫውን ከፍ አድርጎ አሸተተ፤ አንድ ጊዜ፣ ደግሞ ሌላ ጊዜ። ግራ እግሩን አየ። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅስ መሰለኝ። እየሳቀ ነው።

«ምን ሆንክ?»

«ምንም። ከመንደር እስከዚህ ድረስ ኢንጂነር ነበርኩ። ድልድይ ሠራሁ፣ ነጭ ቤት ሠራሁ፣ አንተን ሹፌር አድርጌ ቀጠርኩህ።»

«እና አሁንስ?»

«አሁን ቤንዚን እየቀዳሁ ነው።» ሳቁን ዋጥ አደረገ። «ኡስታዝ እንቅልፍ አጥተዋል?»

«ሳምንት ሙሉ።»

«እንግዲያው ለራሳቸው ነው የምነግራቸው። ላንተ ብነግርህ አሳምረህ ታወራዋለህ፣ አይጥምም። ነገ ስንት ሰዓት ነው?»

«አራት ሰዓት። ግን ምንድን ነው?»

«የመስኮቱ ሙፍሊህ፣ ዛሬ መስኮቱ የኔ ነው፤ አየሩን ልብላበት።» እና ካረክ እስክንገባ ሌላ ቃል አልወጣውም። ስወርድ እናት ፈዋዝ እጄን ይዘው «ለእኔም ማክሰኞ ውጤቱን ላኩልኝ» አሉ።

ማክሰኞ ኡስታዝ የሰልፍ ቀን ኮታቸውን ለብሰው ነበር። ልጆች በዕረፍት ላይ ስለሆኑ ግቢው ጭር ብሏል። ዘኪ ጥግ ላይ ወረቀቱን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል፤ ነገሩ ምን እንደሆነ ባያውቅም ቀልድ እንደማያስፈልግ ገብቶታል። አቡ ራካን ሲገባ ኡስታዝ ተነሡ፤ ለተማሪያቸው ቆመው አያውቁም ነበር።

ቆመው ነው የተናገሩት። ለእኔ ሲነግሩኝ እንደነበረው ሁሉንም በየወሩ ቆጠሩ። ድምፃቸው አልተሰበረም፣ ግን አንድ እጃቸው የዴስኩን ጠርዝ ይዟል። በመጨረሻ «የማካክስበት ነገር የለኝም። ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የጠራሁህ» አሉ።

«ጨረሱ ኡስታዝ?»

«ጨረስኩ።»

«እንግዲህ አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። እኔ በየትኛው እጄ ነው የምጽፈው?»

ኡስታዝ አዩት። አቡ ራካን ከዘኪ ኪስ ብዕሩን አውጥቶ በግራ እጁ ያዘው፤ ክርኑን ወደ ጎን ዘርግቶ እንደሚጽፍ ሰው አየር ላይ አወዛወዘው።

«አዲስ የገባሁ ጊዜ» አለ፣ «ከአጠገቤ ያለውን ልጅ በክርኔ እየገፋሁ ደብተሩን አበላሸሁበት። ሌላ መምህር ቢሆን ግራ እጄን በገመድ ያስር ነበር። እርስዎ ምን አሉኝ? በሩ ጋ ካለው ግድግዳ ጥግ አስቀመጡኝና ክርንህ የግድግዳው ነው፣ ከዚህ አትነሣም አሉኝ። ሰው ሁሉ ሲቀያየር እኔ አልተነሣሁም። ሦስት ዓመት ኡስታዝ። መስኮት ምን እንደሚመስል በወሬ ነው የማውቀው። ሦስት ክረምት የላምባው ምድጃ ግራ ሱሪዬን ሲጠብሰው፣ በቤት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተጥፎልኛል።»

ኡስታዝ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ተቆጣጣሪው» አሉ።

«እሱም ነበረ።»

«ተቆጣጣሪ መጥቶ ይህ ልጅ ለምን በግራው ይጽፋል፣ ለምን አታስተካክለውም አለኝ።» አሁን የሚናገሩት ለማንም አልነበረም። «ወንድሜን ልጅ ሳለን እጁን አስረውት ነበር። ከዚያ ወዲያ ብዕር ሲያይ ይንተባተባል። ተቆጣጣሪውን፣ ሚኒስቴሩ እንዳስተምር የሰጠኝ የልጁን ጭንቅላት ነው፣ እጁን አይደለም አልኩት። በዚያ ምክንያት የዓመቱ እድገቴ ቀረ። እንዴት ረሳሁት?»

«ለእርስዎ አንድ ልጅ ነበርኩ፤ ለኔ ግን ሱሪዬ ነው» አለ አቡ ራካን።

ሠንጠረዡን ከደብተሩ አወጣሁት። ባለፈው ያላየሁትን አየሁ። በበሩ ጥግ ካለው «ሙፍሊህ» አጠገብ ትንሽ የእርሳስ ነጥብ አለች፤ በመስከረም፣ በጥቅምት፣ በየወሩ፣ ሁልጊዜ በዚያው ቦታ። በሌላ በማንም ስም አጠገብ የለችም። ለኡስታዝ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

«ነጥቧ አይነሣም ማለት ናት» አሉ። «የዝንብ ቆሻሻ መስላኝ በጣቴ ልጠርጋት ነበር።»

ከዚያ ወደኔ ዞሩ፤ የቀረውን ስሌት ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ነው የጨረስነው። ቦታ የሚቀያየረው ከትይዩ ጋር ነው። የኔ ትይዩ እሱ ነበር። እሱ ካልተነሣ እኔም የምሄድበት ቦታ የለኝም። ዓመቱን ሙሉ መስኮቱ ጋ ነበርኩ። የለውዙ ዛፍ ሲያብብ፣ ፍሬ ሲይዝ፣ ቅጠሉ ሲረግፍ ያየሁት እዚያ ስለነበርኩ ነው። ዘጠና ስድስቱ የኔ ነው። ሃያ አምስት ዓመት በሰው አገር ሳስተምር በሰው ወንበር የተቀመጥኩ እየመሰለኝ ነበር የኖርኩት፤ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ፣ ኡስታዝ ይህን ከመንገራቸውም ብዙ ዓመት በፊት። ያ ስሜት በአንድ ጊዜ አይለቅም። ግን እግሬ መሬት ሲነካ ተሰማኝ፤ የጫማዬ መጠን ትክክል የሆነ ያህል።

«ሰባ አንድም ቢሆን ለኔ ቸር ነጥብ ነው» አለ አቡ ራካን። «ምድጃው ሙቀቱ ደስ ስለሚል ከሦስተኛው ጥያቄ በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ። መስኮቱ ጋ ብቀመጥ ኖሮ ማን ያውቃል፣ ነፋሱ ያነቃኝና ዶክተሩ እኔ እሆን ነበር።»

የኡስታዝ ፊት እንደገና ጠቆረ። አቡ ራካን አየውና እጁን አወዛወዘ።

«ቀልዴን ነው። መስኮቱ ጋም እተኛ ነበር። በመሪው ላይ እንኳ የማልተኛው እናት ፈዋዝ ስለሚጮሁ ነው። ኡስታዝ፣ ስሙኝ፤ ሴት ልጄ ዩኒቨርሲቲ ናት፣ እሷም ግራኝ ናት። የመጀመሪያዋ መምህርት እጇን ልታስር ስትል ሄጄ እርስዎ ያሉኝን ቃል በቃል ነገርኳት። ምን ዕዳ አለብኝ ብለው ነው ይቅርታ የሚጠይቁት?»

ኡስታዝ መነጽራቸውን ለመጥረግ ብዙ ጊዜ ወሰዱ። ዘኪ መስኮቱን ማየት ጀመረ። ከዚያ ኡስታዝ እንደ ድሮው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ክፍሉን ዝም የሚያሰኙበት ድምፅ ነው።

«አንድ ሥራ ቀርቶናል» አሉ። ከደብተሩ ጀርባ የዚያን ዓመት ቅጽ ግልባጭ አወጡ። የእናት ስም የሚለው ሣጥን ሁለት ቦታ ላይ ባዶ ነው። «እኔ አልጠይቃችሁም። አልሰማምም። ራሳችሁ ጻፉት። ከእኔ በኋላ ይሄን የሚያነብ ሰው በቦታ እንዳይገምት።»

ሁለታችን አንድ ዴስክ ላይ ተጨናንቀን ተቀመጥን። አቡ ራካን በቀኝ መዳፉ ከዘኪ ዓይን እየጋረደ የእናቱን ስም ጻፈ። እኔም የእናቴን ጻፍኩ። እዚህ አልደግመውም።

«አሁንስ ክሊራንሱ?» አለ ዘኪ ወረቀቱን ከጭኑ እያነሣ። «ወይስ እስከ ረቡዕ?»

ኡስታዝ ወረቀቱን ተቀብለው ቆመው ሳያነቡ ፈረሙ። ከዚያ ለእኔ ሰጡኝ። አቡ ራካን ምስክር ሆኖ ይፈርም ተባለ። ዴስኩ ላይ እሱ በቀኜ ነበር። እኔ በቀኝ እጄ፣ እሱ በግራው፣ ሁለታችን በአንድ ጊዜ ጎንበስ አልን፤ ክርኑ ክርኔን መታው፣ ብዕሬ ከፊርማዬ ተነሥቶ በወረቀቱ ላይ እስከ ጠርዝ ድረስ ረጅም መስመር ጫረ።

ዘኪ ግንባሩን ያዘ። «ይህን አሁን እንደገና ላሳትም?»

«አታሳትም» አሉ ኡስታዝ። ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አንሥተው መስመሩን አዩት፤ ትከሻቸው ሲወርድ አየሁ። በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። «ሙፍሊህ፣ ተነሥ። ግድግዳው ጋ ሂድ።»

የአርባ አምስት ዓመቱ ሰው ሳያንገራግር ተነሣ፣ ወንበሩን ይዞ ግድግዳው ጥግ ሄደ፣ ክርኑን ወደ ግድግዳው አድርጎ ፈረመ። ዘኪ ወረቀቶቹን በሦስት ቀለም ማኅተም በሦስት ቦታ መታቸው።

ኡስታዝ የቁም ሣጥኑን ቁልፍ ከቀለበቱ አውጥተው በመዳፌ ላይ አስቀመጡት። ከባድ መስሎኝ ነበር፤ ትንሽ ቁልፍ ነው። መስከረም ላይ የሒሳብ ክፍል ለራሴ እንዳስቀር አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም፤ ከክፍለ ጊዜው ሰሌዳ ላይ የእሳቸውን ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ እንደምወስድ ግን በዚያ ጠዋት አውቄው ነበር።

«ካረክ ስንት ሰዓት ትሄዳለህ?» አሉ አቡ ራካንን።

«ሲሞላ ኡስታዝ። ምን ሊያደርጉ?»

«የጡረታውን ወረቀት ላስገባ። ዱባ አልገዛም።» ኮታቸውን ቆለፉ። «ፊት ወንበር አልቀመጥም። ኋላ፣ መስኮቱ ጋ።»

«መስኮቱ ጋ እናት ፈዋዝ ናቸው።»

«እንቀያየራለን» አሉ ኡስታዝ፤ እና ባዶውን ግቢ አቋርጠው ከእሱ ቀድመው ወጡ።